«መርህ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ አንዲት ቃል አስቸገረችን። ቃሏ «መርህ» ናት። በየዕለቱ እንሰማታለን፤ እኛም እንናገራታለን። በፊዚክስ ክፍል የአርኪሜዲስ መርህ እንላለን። በማስተማር ዘዴ ክፍል የማስተማር መርሆዎችን በጣታችን እንቆጥራለን። በሥነ ዜጋ ክፍል የሕገ መንግሥቱን መርሆዎች እናነባለን። ማታ መኝታ ክፍላችን ገብተን ደግሞ «እኔ ገንዘብ አላበድርም፤ መርሄ ነው» እንባባላለን። ታዲያ ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው ወይ? እኛ አንድ ይመስለን ነበር። አንድ አለመሆኑን የተረዳነው አንድ ተማሪ ከጠየቀን በኋላ ነው። የስሕተታችንን ዋጋ የከፈለው ግን እሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተመደብንበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አምስት ሠልጣኞች ነበርን። አንደኛው ጓደኛችን ስለ መስጠምና ስለ መንሳፈፍ ሲያስተምር የቀረነው አራታችን ከኋላ ተቀምጠን በመገምገሚያው ቅጽ ላይ እንመዘግብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ጨውና አንድ እንቁላል ተቀምጠዋል። እንቁላሉ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሰጠመ። ብዙ ጨው ወደ ተበጠበጠበት ብርጭቆ ሲዛወር ግን ተንሳፈፈ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እንቁላሉ ያው ነው። እንዴት አንዴ ሰጥሞ አንዴ ይንሳፈፋል? መርሁ ተጣሰ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ጓደኛችን መልሱ አልመጣለትም። «እሱን በኋላ እናየዋለን» ብሎ አለፈው። ልጁን ግን ነገሩ አላስቀመጠውም። ወደ ጠረጴዛው ተጠግቶ እንቁላሉን በጣቱ ወደ ታች ሊጫን ሲሞክር ብርጭቆው ተገለበጠ። የጨው ውሃው በትምህርት ዕቅዱ ላይ ፈሰሰ። ጓደኛችንም ተናደደና በእንጨት ማስመሪያ የልጁን መዳፍ ሁለት ጊዜ መታው።

ማታ ለግምገማ ስንቀመጥ ጉዳዩ ተነሣ። ጓደኛችን እንዲህ ሲል መለሰ፦ «በመርህ ደረጃ መምታት ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን መርህ ሌላ፣ ተግባር ሌላ ነው። ከቀላል ወደ ከባድ የሚለውንስ መርህ አንዳንዴ እንተወው የለ እንዴ?» በዚያን ሰዓት መልስ አጣን። እውነትም አንዳንዴ እንተወዋለን። አንዱን መርህ መተው ከተፈቀደ ሌላውን መተው ለምን ይከለከላል? ይህ ጽሑፍ ያን ማታ ያጣነውን መልስ ፍለጋ ነው።

1. ቃሉ ከየት መጣ?

«መርህ» መሠረቱ ግዕዝ ነው። በግዕዝ «መርሐ» ማለት መራ፣ መንገድ አሳየ ማለት ነው። በጥንቱ አጻጻፍ በሐመሩ «ሐ» ይጻፋል፤ ዛሬ በሃሌታው «ህ» መጻፉም የተለመደ ነው። «መሪ»፣ «መመሪያ» እና «መርሐ ግብር» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ መርህ በቃሉ ፍች ፊት ፊት እየሄደ የሚመራ ነገር ነው።

ፈረንጆች «ፕሪንሲፕል» የሚሉት ቃል ግን «ፕሪንኪፒዩም» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መጀመሪያ ወይም መነሻ ማለት ነው። የኛው ቃል ወደምንሄድበት ያመለክታል፤ የነሱ ቃል ወደተነሣንበት። የውጭ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሁለቱ ቃላት ስለተገናኙ፣ ዛሬ «መርህ» የሁለቱንም ሸክም ይዞ ይጓዛል። አንዳንድ ጸሐፊዎች «መሠረተ ሐሳብ» ማለትን የሚመርጡትም መነሻነቱን ለማሳየት ነው።

እግረ መንገዳችንን እንግሊዝኛ ለምናስተምር ሰዎች አንድ ነገር እናስታውስ። በእንግሊዝኛ ሁለት ድምፃቸው አንድ የሆነ ቃላት አሉ። መርህ የሚለው መጨረሻው በ«ኤል» እና በ«ኢ» ይጻፋል። ዋና ወይም ርዕሰ መምህር የሚለው መጨረሻው በ«ኤ» እና በ«ኤል» ይጻፋል። ሥራቸው አንድ የላቲን ቃል ቢሆንም አንዱን በሌላው ቦታ መጻፍ ስሕተት ነው።

2. መለያው ጥያቄ

የቃሉን ትርጉሞች ለመለየት ረጅም ፍች መሸምደድ አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ መርሁ ቢጣስ ምን ይከተላል? መልሱ አምስት ዓይነት ሆኖ አግኝተነዋል።

ሀ. የተፈጥሮ አካሄድ

አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት በሲሲሊ ደሴት በሲራኩስ ከተማ የኖረ ሊቅ ነው። መርሁ እንዲህ ይላል፦ ፈሳሽ ውስጥ የገባ ማንኛውም ነገር፣ ቦታውን ያስለቀቀውን ፈሳሽ ክብደት በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ለምሳሌ በሞላ ሚዛን ላይ ተንጠልጥሎ 500 ግራም የሚያሳይ ድንጋይ ይዘቱ 200 ኩቢክ ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ሚዛኑ 300 ግራም ያሳያል። የጎደለው 200 ግራም ድንጋዩ ያስለቀቀው ውሃ ክብደት ነው።

እንግዲህ የልጁ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። እንቁላሉ ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ የሚያስለቅቀው ንጹሕ ውሃ ከእንቁላሉ ስለሚቀል እንቁላሉ ይሰጥማል። በዚያው ልክ የሚያስለቅቀው የጨው ውሃ ግን ከእንቁላሉ ስለሚከብድ እንቁላሉ ይንሳፈፋል። በሁለቱም ብርጭቆ የሠራው ያው አንድ መርህ ነው። ለልጁ ሊነገረው ይገባ የነበረው መልስ በሦስት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

እንዲህ ያለ መርህ አይጣስም። ውሃን ከሶ ፍርድ ቤት የሚያቆም የለም። የምናየው ነገር ደጋግሞ ከመርሁ ጋር ቢጣላ የሚታረመው የኛ አነጋገር እንጂ ተፈጥሮ አይደለም።

ለ. የመሣሪያ አሠራር

«የክሪክ መርህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መሣሪያው በምን ዘዴ እንደሚሠራ ማወቅ ይፈልጋል። በዘይት የሚሠራው ክሪክ የተመሠረተው ከ1623 እስከ 1662 (እ.ኤ.አ.) በኖረው በፈረንሳዊው በፓስካል ግኝት ላይ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። የትንሹ ሲሊንደር ስፋት 1 ካሬ ሳንቲሜትር፣ የትልቁ 50 ካሬ ሳንቲሜትር ቢሆን፣ በትንሹ ላይ የ10 ኪሎ ጭነት በትልቁ በኩል 500 ኪሎ ያነሣል። ነገር ግን ነፃ ጉልበት የለም። ትልቁ አንድ ሳንቲሜትር ከፍ እንዲል ትንሹ 50 ሳንቲሜትር መገፋት አለበት። ሾፌሩ እጀታውን ደጋግሞ የሚረግጠው ወይም የሚገፋው ለዚህ ነው።

የገበያው ሚዛንም እንደዚሁ ነው። ሁለቱ ክንዶች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ክንድ ቢረዝም ሚዛኑ ይዋሻል፤ ገዢው ይጎዳል። የአሠራር መርህ ሳይሟላ ሲቀር የሚከተለው ብልሽት ነው። መድኃኒቱም ጥገና ነው።

ሐ. የዕውቀት መነሻ

ኢውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ጂኦሜትሪን በጥቂት መነሻዎች ላይ ገነባ። ከመነሻዎቹ አንዱ በሁለት ነጥቦች መካከል ቀጥተኛ መስመር ማስመር ይቻላል ይላል። ይህ ተቀባይነት ያገኘ መነሻ እንጂ ከሌላ ነገር የተረጋገጠ አይደለም። የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው የሚለው ግን ከመነሻዎቹ ተነሥቶ የሚረጋገጥ ነው።

ታዲያ መነሻው ቢቀየርስ? ሩስያዊው ሎባቼቭስኪ በ1829፣ ሃንጋሪያዊው ቦያይ ደግሞ በ1832 (እ.ኤ.አ.) ስለ ትይዩ መስመሮች የሚናገረውን 5ኛውን መነሻ ለውጠው ሌላ ጂኦሜትሪ አሳተሙ። በነሱ ጂኦሜትሪ የሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች ድምር ከ180 ዲግሪ ያንሳል። ይህ ጥፋት አይደለም። መሠረቱ ሲለወጥ ሌላ ቤት ይቆማል ማለት ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መነሻህን የለወጥህ መሆንህን ከመጀመሪያው ተናገር። በአንዱ መነሻ ጀምሮ በሌላው መጨረስ ማታለል ነው።

መ. የሥራ መመሪያ

እኛ ሠልጣኞች ከሁሉ ይልቅ የምንጠራው ይህን ነው። ከሚታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከሚዳሰሰው ወደ ረቂቁ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ። ልጅ በቃል ከመሸምደዱ በፊት ነገሩን በዓይኑ ይየው፣ በእጁ ይንካው የሚለው ሐሳብ ከ1592 እስከ 1670 (እ.ኤ.አ.) በኖረው በቼኩ መምህር በኮሜኒዩስ ጽሑፎች ውስጥ ጎልቶ ይገኛል። በ1658 ያሳተመው በሥዕል የተደገፈ የልጆች መጽሐፍ የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። ኋላ የመጣው የስዊሱ ፔስታሎዚም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

እነዚህ መርሆዎች ግን እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ጨረቃ ሩቅ ናት፤ ልጁ ግን በየማታው ስለሚያያት ያውቃታል። ጉበቱ የገዛ አካሉ ነው፤ አይቶት ግን አያውቅም። «ከቅርብ ወደ ሩቅ» ካልን ከጉበቱ እንጀምር፤ «ከሚታወቀው ወደማይታወቀው» ካልን ደግሞ ከጨረቃዋ። የትኛውን እንከተል? እዚህ ላይ የመምህሩ ማስተዋል ይገባበታል። ፊደል ማስቆጠርም እንዲሁ ነው። የኔታ ከሀ ሁ ይጀምራሉ፤ ሌላው መምህር ከሙሉ ቃል ተነሥቶ ወደ ፊደሉ ይወርዳል። ሁለቱም የሚያነብ ልጅ ያወጣሉ።

ስለዚህ የሥራ መመሪያ የሆነውን መርህ በቂ ምክንያት ካለ መተው ይቻላል። የሚተወው ሰው ግን ምክንያቱን በትምህርት ዕቅዱ ላይ ይጽፋል፤ ልክ መሆኑ አለመሆኑም በተማሪዎቹ መረዳት ይመዘናል።

ሠ. የሥነ ምግባርና የሕግ መርህ

«እገሌ የመርህ ሰው ነው» ስንል አምስተኛው ውስጥ ገባን። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት መርህ አይደለም፤ ልማድ ነው። በተናገሩት ነገር ላይ ድርቅ ማለትም መርህ አይደለም፤ ግትርነት ነው። መርህ የሚታወቀው ራስን ሲጎዳም ሲጠበቅ ነው። የጓደኛውን ስሕተት በቀይ የሚያርም ሠልጣኝ የራሱንም በዚያው ቀይ ቢያርም የመርህ ሰው እንለዋለን።

በአገር ደረጃም እንዲሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሁለት «የሕገ መንግሥቱ መሠረታዊ መርሆዎች» ይባላል። ሰብዓዊ መብቶች የማይጣሱና የማይገፈፉ ናቸው የሚለው እዚያው ይገኛል። «የማይጣሱ» ሲል ግን ውሃው መርሁን እንደማይጥሰው ማለቱ አይደለም። ሊጣሱ ይችላሉ፤ መጣስ የለባቸውም ማለቱ ነው። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ ተማሪን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ይህ መርህ ሲጣስ አይሞትም። የሚጠየቀው የጣሰው ሰው ነው። የተፈጥሮን መርህ አንድ እውነተኛ ተቃራኒ ማስረጃ ይጥለዋል። የሥነ ምግባርን መርህ ግን ሺህ ጊዜ መጣስ አይጥለውም። ሌባ በመብዛቱ ስርቆት ትክክል አይሆንም።

3. «በመርህ ደረጃ» የምትባለው ሐረግ

ይህች ሐረግ ሁለት ፊት አላት። በቅንነት ስትነገር፣ በዋናው ነገር ተስማምተናል፤ ዝርዝሩ ይቀረናል ማለት ነው። «የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት እንዲራዘም በመርህ ደረጃ ተስማምተናል፤ ተረኛውን እንመድብ» የሚል ሰው ሥራ እየጀመረ ነው። ሁለተኛው ፊቷ ግን ማምለጫ ነው። «በመርህ ደረጃ ልክ ነህ» ተብሎ «ግን» ከተከተለ፣ ብዙ ጊዜ መርሁ በክብር ተሸኘ ማለት ነው።

የአገራችን ታሪክ ለዚህ ትልቅ ምሳሌ አለው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 10ኛ አንቀጽ አባል አገሮች የእያንዳንዱን አባል ግዛትና ነፃነት ከውጭ ወረራ እንዲያከብሩና እንዲጠብቁ ያስገድድ ነበር። ኢጣልያም አባል ነበረች። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ግን ወረረችን። ማኅበሩ ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን ማፍረሷን አረጋገጠ፤ በኅዳርም የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ። ይሁን እንጂ ለታንክና ለአውሮፕላን የሚያስፈልገው ነዳጅ በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች አልተዘጋም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው ከተናገሩ ብዙም ሳይቆይ ማዕቀቡ ተነሣ። በመርህ ደረጃ ሁሉም ከእኛ ጋር ነበር።

ታዲያ መርሁ ሞተ ወይ? አልሞተም። ማኅበሩ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ፈረሰ። አገር በኃይል አይደፈር የሚለው መርህ ግን በ1945 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር 2ኛ አንቀጽ ውስጥ ተጽፎ እናገኘዋለን። የያኔዎቹን መንግሥታት ዛሬም የምንመዝናቸው በዚያው መርህ ነው።

4. ወደ ማስመሪያው እንመለስ

አሁን ለጓደኛችን መልስ መስጠት እንችላለን። «ከቀላል ወደ ከባድ» የሥራ መመሪያ ነው፤ በምክንያት ይተዋል። የልጅ አካልና ክብር አይደፈር የሚለው ግን የሥነ ምግባር መርህ ነው። ሕግም ሆኖ ተጽፏል። የሕገ መንግሥቱ 36ኛ አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሁለቱ በአንድ ቃል ስለተጠሩ አንድ አይሆኑም። የክፍሉ መጨናነቅ፣ የሰዓቱ ማጠር፣ የዕቅዱ መበላሸት ሁሉ እውነት ነው፤ እንዴት እንደተናደደ ያስረዳል። መምታቱን ግን ልክ አያደርገውም።

ጥፋቱን በጓደኛችን ላይ ብቻ ጥለን ብንሄድ ግን እኛም የመርህ ሰዎች አይደለንም። አራታችን ከኋላ ተቀምጠን አይተናል። አንዳችንም አልተነሣንም። እንዲያውም የመገምገሚያ ቅጾቻችንን ማታ ስናወዳድር፣ በአንደኛው ላይ «ክፍል ቁጥጥር» ከሚለው ፊት ለፊት «በጣም ጥሩ» ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። ያን የጻፈው እጅ የኛው ነው። «ተማሪው እንዲጠይቅ ማበረታታት» የሚለውን ተራ ደግሞ ሁላችንም ባዶ ትተነዋል።

ጓደኛችን በማግሥቱ ክፍል ገብቶ በተማሪዎቹ ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቀው። እንቁላሉን እንደገና አምጥቶ ጥያቄውን መለሰለት። ልጁ በጸጥታ አዳመጠ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ግን እጁን አላወጣም። ልምምዳችን አልቆ ስንወጣም አላወጣም።

ለማስታወስ ያህል እንዲህ እናጠቃልለው፦

የተፈጥሮ መርህ አይጣስም፤ አነጋገራችን ይታረማል።
የመሣሪያ መርህ ሲጓደል ዕቃው ይበላሻል፤ ይጠገናል።
የዕውቀት መነሻ ሲለወጥ ሌላ ዕውቀት ይገነባል፤ ለውጡ ይነገራል።
የሥራ መመሪያ በምክንያት ይተዋል፤ በውጤቱ ይመዘናል።
የሥነ ምግባር መርህ ቢጣስም ይኖራል፤ የጣሰው ይጠየቃል።

5. መልመጃ

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በታች ባሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ «መርህ» ከአምስቱ በየትኛው ትርጉም እንደገባ፣ ወይም ያለ ቦታው እንደገባ ለዩ።

1ኛ. «የቴርሞሜትር መርህ ሜርኩሪ በሙቀት መስፋቱ ነው።»
2ኛ. «ተማሪን በስሙ መጥራት ጥሩ የማስተማር መርህ ነው።»
3ኛ. «ጧት ቁርስ አልበላም፤ መርሄ ነው።»
4ኛ. «ፈተና ላይ አልኮርጅም፣ አላስኮርጅምም፤ መርሄ ነው።»
5ኛ. «በመርህ ደረጃ ሴት ተማሪዎችም የክፍል አለቃ መሆን ይችላሉ፤ ግን...»

በ5ኛው ላይ ከ«ግን» በኋላ ምን ሊከተል እንደሚችል ጽፋችሁ፣ ሐረጓ በየትኛው ፊቷ እንደገባች አስረዱ። መልሳችሁንና በጽሑፋችን ላይ ያያችሁትን ስሕተት ለጋዜጣው አዘጋጆች ብትሰጡን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። መምህራኖቻችንም ቢያርሙን በደስታ እንቀበላለን።

አምስቱ ሠልጣኞች